ኡቡድን ለሚጎበኝ ሰው፦ ከትርኢቱ፣ ከሙዚየሙ፣ ከቤተ መቅደሱና ከሩዝ እርከኑ የትኛው ይሻላል?

በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት፣ በጊያኛር አውራጃ የምትገኘው ኡቡድ የባሕር ዳርቻ የሌላት ከተማ ናት። ተጓዡ ከዴንፓሳር አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ለውዝዋዜዋ፣ ለሠዓሊዎቿ፣ ለቤተ መቅደሶቿና ዙሪያዋን ለከበቧት የሩዝ እርከኖች ሲል ነው። ከኢንዶኔዥያ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ሲሆን የባሊ ነዋሪ ግን በብዛት የሂንዱ እምነት ተከታይ ነው፤ በኡቡድ የሚታየው ጥበብም፣ ለገበያ የተሠራው ሳይቀር፣ ሥሩ ከዚሁ አምልኮ ጋር የተያያዘ ነው።

ምርጫውን የሚያስቸግረው የአማራጮቹ መመሳሰል ነው። የምሽት ትርኢት ቢባል ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለ፤ የሥዕል ሙዚየም ቢባል ሦስት ትልልቆች አሉ፤ ጥንታዊ ቤተ መቅደስም ሆነ የሩዝ እርከን እንደዚያው ነው። አስጎብኚዎች ከእነዚህ አምስት ስድስቱን በአንድ ቀን አጭቀው ያቀርባሉ። መንገዶቹ ጠባብና የተጨናነቁ ስለሆኑ ግን 10 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ጎብኚውም ከየቦታው ፎቶግራፍ ይዞ ከመመለስ በቀር ያየውን የሚያስተውልበት ጊዜ አይኖረውም። ስለዚህ ከየዓይነቱ አንድ መርጦ፣ ያንኑ በተገቢው ሰዓት ማየት ይሻላል፤ ከዚህ በታች የቀረበውም የትኛው ለማን እንደሚስማማ ለመለየት ነው። ሰዓቶቹ የተጻፉት በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ትኬት ላይ 7፡30 ወይም 19፡30 ተብሎ የሚታተመው የትርኢት መጀመሪያ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ተብሎ ተጽፏል።

የምሽት ትርኢት፦ ኬቻክ፣ ሌጎንግ ወይስ ባሮንግ?

በኡቡድ በየምሽቱ ከአንድ በላይ በሆኑ ቦታዎች ትርኢት ይቀርባል። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ በየሰፈራቸው የተደራጁ ቡድኖች አባላት ሲሆኑ፣ ቀን ቀን በሌላ ሥራ ላይ የሚውሉ ናቸው። ጎብኚው በዋናነት የሚመርጠው ከሦስት ዓይነት ነው።

ኬቻክ የሙዚቃ መሣሪያ የለውም። ከወገባቸው በላይ ልብስ ያልለበሱ፣ ጥቁርና ነጭ ዳማ ጨርቅ ያሸረጡ በርካታ ወንዶች በመብራት ዙሪያ ክብ ሠርተው ይቀመጡና «ቻክ፣ ቻክ» እያሉ፣ ድምፃቸውን እያፈራረቁና እያደራረቡ፣ ዜማውንም ምቱንም ራሳቸው ይፈጥራሉ። በክቡ መካከል ራማያና የተባለው የሂንዱዎች ጥንታዊ የጀግኖች ታሪክ ይተወናል፤ ልዕልት ሲታ በአጋንንቱ ንጉሥ በራዋና ትጠለፋለች፣ ነጩ የጦጣ ጀግና ሃኖማንም ሊታደጋት ይመጣል። ብዙ ተመልካች ይህን ከጥንት ሳይለወጥ የመጣ ሥርዓት አድርጎ ይወስደዋል፤ ዛሬ የሚታየውን መልክ የያዘው ግን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። መዘምራኑ የተወሰዱት ሳንግያንግ ከተባለው፣ ተወዛዋዦች ራሳቸውን ስተው ከሚያከናውኑት ሥርዓት ሲሆን፣ ከራማያና ታሪክ ጋር በመዋሐዱ ረገድ በኡቡድ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዋልተር ሽፒስና የባሊው ተወዛዋዥ ዋያን ሊምባክ ስማቸው በቀዳሚነት ይነሣል። ለቱሪስት ሲባል የተቀናበረ ነው ብሎ መናቅ ግን አይገባም፤ በቤተ መቅደስ አደባባይ፣ በጨለማ ሲሰማ ድምፁ ሰውነትን ይነዝራል።

ሌጎንግ ከመሳፍንት ግቢ የወጣ ውዝዋዜ ነው። በወርቅማ ቀለም ባጌጠ ጨርቅ ከደረት እስከ እግር ጥብቅ ብለው የተጠመጠሙ ልጃገረዶች፣ በአብዛኛው ከነሐስ በተሠሩ መሣሪያዎች በሚዋቀረው የጋሜላን ባንድ ታጅበው፣ በዓይናቸው፣ በአንገታቸውና በጣቶቻቸው እንቅስቃሴ ታሪክ ይናገራሉ። በብዛት የሚቀርበው የላሰም ንጉሥ ታሪክ ነው፤ ንጉሡ ልዕልት ራንግኬሳሪን በግዳጅ ይዞ ካቆየ በኋላ ወደ ጦርነት ሲወጣ የክፉ ምልክት የሆነች ወፍ ትገጥመዋለች። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ትንሹ ነገር ነው። የዓይን ብሌን ከከበሮው ምት ጋር እንዴት እንደሚሮጥ፣ ጣት ወደ ኋላ ሲለመጥ ሌላው አካል እንዴት ጸጥ እንደሚል ከኋላ ወንበር አይታይም። በመሀል ከተማ በሚገኘው በፑሪ ሳሬን ቤተ መንግሥት ትርኢቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ስለሚጀምር፣ ከፊት ለመቀመጥ የፈለገ ሰው ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት መድረስ አለበት። የቤተ መንግሥቱ መድረክ ዳራ በወርቅ ቀለም የተቀባ የተቀረጸ በር በመሆኑ ለዓይን ያምራል፤ ይሁን እንጂ ለሙዚቃው የሚመጣ ሰው ከኡቡድ ጋር ወደ ተያያዘችው የፔሊያታን መንደር ቢሄድ ይመረጣል። የፔሊያታን ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ1931 በፓሪሱ የቅኝ ግዛቶች ኤግዚቢሽን ላይ ከቀረበው ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ በ1952 ደግሞ የመንደሩ ቡድን በለንደንና በኒውዮርክ መድረኮች ታይቷል።

ባሮንግ ከሦስቱ ታሪኩ በቀላሉ የሚገባ ነው። ሁለት ሰዎች ከውስጥ ሆነው የሚያንቀሳቅሱት፣ ባለጸጉር ቆዳ የለበሰው ደግ ፍጡር ባሮንግ፣ ምላሷን ካንጠለጠለችው ጠንቋይ ከራንግዳ ጋር ይጋጠማል፤ የባሮንግ ተከታዮችም በአስማቷ ተይዘው ጩቤያቸውን ወደ ገዛ ደረታቸው ያዞራሉ። አሸናፊ የለም፤ በባሊዎች እምነት ሁለቱ ኃይሎች ተመዛዝነው ይኖራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያጠፋም። በመካከሉ ቀልድ ስለሚበዛበት ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ቤተሰብ የሚስማማው ይህ ነው። በኡቡድ ከምሽቱ በተጨማሪ፣ ወደ ዴንፓሳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ባቱቡላን ጠዋት ላይ ይቀርባል፤ የጠዋቱ ግን በአውቶቡስ ለሚመጡ ጎብኚዎች የተዘጋጀ በመሆኑ ኡቡድ ውስጥ ለሚያድር ሰው አይመከርም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ዘጠኝ የባሊ ውዝዋዜዎችን በሦስት መደብ ከፍሎ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል፤ በቤተ መቅደስ ውስጥ ብቻ የሚከናወኑ፣ ከሥርዓቱ ጎን የሚቀርቡና ለመዝናኛ የሚሆኑ። ሌጎንግና ባሮንግ በሦስተኛው መደብ ሲገኙ ኬቻክ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንድ ምሽት ብቻ ላለው ሰው ምርጫዬ ሌጎንግ ነው፤ የኬቻክ ኃይል በመጀመሪያዎቹ ሩብ ሰዓታት ጎልቶ ይወጣና ከዚያ በኋላ ይደጋገማል፣ ሌጎንግ ግን ባዩት ቁጥር አዲስ ነገር ይገኝበታል። ሁለት ምሽት ያለው ሰው ሁለቱንም ይይ። ኬቻክን በደቡብ ባሊ በኡሉዋቱ ገደል አናት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት የሚመርጡ አሉ፤ መልክዓ ምድሩ ድንቅ ቢሆንም ሕዝቡ ይበዛል፣ ከኡቡድ ደርሶ መልሱም ቀኑን ይጨርሳል።

ከሦስቱም የሚበልጥ፣ ነገር ግን ትኬት የማይሸጥበት አራተኛ አማራጭ አለ። በባሊ አብዛኛው ቤተ መቅደስ በየ210 ቀኑ የምሥረታ በዓሉን ያከብራል፤ ቤተ መቅደሶቹም እጅግ ብዙ በመሆናቸው በአካባቢው በዓል የሌለበት ሳምንት ማግኘት ያዳግታል። የማረፊያ ቤቱን ባለቤት «በዚህ ሳምንት በዓል ያለው የትኛው መንደር ነው?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ሽርጥ አሸርጦ፣ መቀነት ታጥቆ፣ ከኋላ ቆሞና ከሚጸልዩት ሰዎች ፊት ሳይራመድ የሚመለከት እንግዳ በአብዛኛው ፊት አይነሣም።

ሥዕል የት ይታያል?

ባሊዎች ቀደም ሲል የሚስሉት በዋናነት ለቤተ መቅደስና ለመሳፍንት ቤት ሲሆን፣ ይዘቱም የአማልክትና የጀግኖች ታሪክ ነበር። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሠዓሊዎቹ ገበያውን፣ አጨዳውን፣ የውዝዋዜ ልምምዱን መሳል ጀመሩ። በ1936 የተመሠረተው ፒታ ማሃ የተባለ የሠዓሊዎች ማኅበር የኡቡዱን መስፍን ቾኮርዳ ግዴ አጉንግ ሱካዋቲን፣ የአገሩን ታላቅ ሠዓሊና አናጺ ጉስቲ ኞማን ለምፓድን፣ ከውጭ የመጡትን ሽፒስንና ሆላንዳዊውን ሩዶልፍ ቦኔትን አሰባሰበ። ሦስቱ ሙዚየሞች የሚነግሩት ይህንኑ ታሪክ ነው፤ የሚለያዩት በአነጋገራቸው ነው።

በ1956 የተከፈተው ፑሪ ሉኪሳን በባሊ የመጀመሪያው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሲሆን፣ የሚገኘውም ከዋናው መንገድ ጥቂት ዝቅ ብሎ በአትክልት ሥፍራ ውስጥ ነው። የፒታ ማሃ ዘመን ሥዕሎችና የእንጨት ቅርጻ ቅርጾች፣ በተለይም የለምፓድ ቀጭን የቀለም መሥመሮች፣ እዚህ በቅርበት ይታያሉ። በእግር የሚዘዋወርና አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ያለው ሰው ከዚህ አይለፍ። በ1982 በሱቴጃ ኔካ የተከፈተው ኔካ ሙዚየም ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ በሳንጊንጋን መንገድ ላይ ይገኛል። ሥዕሎቹን በአሣሣል ስልታቸው ከፋፍሎ ስለሚያቀርብ፣ የባቱዋን መንደር ጨለማና ጥቅጥቅ ያለ አሣሣል ከኡቡዱ እንዴት እንደሚለይ፣ በ1960ዎቹ በፔነስታናን መንደር በሆላንድ ተወላጁ ሠዓሊ በአሪ ስሚት አበረታችነት የሳሉት ወጣቶችም ደማቅ ቀለምን እንዴት እንዳስገቡ ለመረዳት ከእርሱ የተሻለ የለም። በ1996 የተከፈተው አርማ (የአጉንግ ራይ የሥነ ጥበብ ሙዚየም) ደግሞ ሰፊ ግቢ አለው፤ የውዝዋዜና የሙዚቃ ትምህርት፣ የምሽት ትርኢትም ስለሚያካትት ልጆች የያዘ ቤተሰብ ግማሽ ቀን ሳይሰለች ሊያሳልፍበት ይችላል። ስለ ሥዕል ምንም ሳያውቅ ለሚሄድ ሰው እንኳ ኔካን አስቀድማለሁ፤ የሚያየውን የሚያገናኝለት አቀራረቡ ነውና። በዝናብ ቀን ደግሞ ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን ከሩዝ ማሳ ይሻላል።

የሩዝ እርከኖች

ሱባክ በመባል የሚታወቀው የውኃ ክፍፍል ማኅበር በባሊ ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። በአንድ ቦይ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ተሰባስበው የመትከያ ጊዜን ይወስናሉ፤ የየአካባቢው የውኃ ቤተ መቅደስም ውሳኔውን ያስተሳስራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘርቶ በአንድ ጊዜ ማሳውን ሲያሳርፍ ተባይ የሚበላው ያጣል። በ1970ዎቹ መንግሥት አዳዲስ ዝርያዎችን አምጥቶ ሳይቋረጥ እንዲተከል ባደረገ ጊዜ የተባይና የውኃ እጥረት ችግር ተከትሏል፤ ቤተ መቅደሶቹ የእርሻው አካል መሆናቸው ይበልጥ የተስተዋለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዩኔስኮ በ2012 አምስት ሥፍራዎችን የያዘውን የሱባክ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ከከተማው ወደ ሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ቴጋላላንግ በየማስታወቂያው የሚታየው ነው። ሸለቆው ቁልቁል ስለሆነ እርከኖቹ እንደ ደረጃ ተደራርበው ከአንድ ቦታ ይታያሉ፤ ይህ በእርግጥ ያምራል። ነገር ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ መንገዱ በመኪና ይዘጋል፣ ዥዋዥዌ የሚያከራዩ ካፌዎች ዳሩን ሞልተውታል፣ በማሳው መካከል ሲያልፉም በየቦታው ገንዘብ ይጠየቃል። ገበሬው ከማሳው ውበት የሚጠቀመው በዚህ መንገድ ስለሆነ ጥቂት መስጠት ተገቢ ነው፤ ዝርዝር ሩፒያ ይዞ መሄድም ከክርክር ያድናል። ቴጋላላንግን የመረጠ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ይድረስ፣ ካልቻለ ግን ይተወው።

ጃቲሉዊህ በታባናን አውራጃ፣ በባቱካሩ ተራራ ግርጌ፣ ወደ 700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከኡቡድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። በ600 ሄክታር ገደማ የተዘረጋ በመሆኑ አንድ ሙሉ ሰዓት በቦይ ዳር መራመድ ይቻላል፤ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው መልክዓ ምድር ውስጥ ያለም እርሱ ነው። የአገሩ ቀይ ሩዝ የሚበቅልበት ስለሆነ በማሳው ዳር ባሉት ምግብ ቤቶች ይቀመሳል። ቀኑን ሊሰጠው የሚችል ሰው ያለማመንታት ጃቲሉዊህን ይምረጥ። በሁለቱም ቦታ ግን ማሳው ሁልጊዜ አረንጓዴ አይደለም፤ በመትከያ ወቅት ውኃ የሞላው፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከአጨዳ በኋላም ባዶ ጭቃ ነው። ከመሄድ በፊት ሾፌሩን ወይም የማረፊያውን ሰዎች መጠየቅ ይጠቅማል።

መኪና መከራየት የማይፈልግ ሰው ሁለት ነፃ የእግር መንገዶች አሉት። አንደኛው ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ከጉኑንግ ለባህ ቤተ መቅደስ ተነሥቶ 2 ኪሎ ሜትር ያህል በኮረብታ ጫፍ የሚሄደው የቻምፑሃን መንገድ ነው፤ ይህ የሣር ኮረብታ እንጂ የሩዝ እርከን አለመሆኑን አውቆ መሄድ ያስፈልጋል፣ ጥላ ስለሌለውም ወይ በማለዳ ወይ ወደ ማታ ነው። ሁለተኛው ከመሀል ከተማ በስተ ሰሜን በካጄንግ ጎዳና በኩል ወጥቶ ቀጥታ ወደ ሩዝ ማሳ የሚያስገባው ሲሆን፣ ከሁሉ ባጠረ ጊዜ ገበሬን በሥራው ላይ ለማየት የሚሻለው እርሱ ነው።

ጥንታውያን ሥፍራዎች

ጎአ ጋጃህ፣ ጉኑንግ ካዊና ቲርታ ኤምፑል በአንድ ጉዞ የሚሸጡ ሦስት ሥፍራዎች ናቸው። ጎአ ጋጃህ ለከተማው ቅርብ ነው፤ በአለት ላይ በተቀረጸ አስፈሪ ፊት አፍ በኩል የሚገባበት ትንሽ ዋሻ ሲሆን፣ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ያገኙት በ1923፣ ከፊቱ ያለው የመታጠቢያ ገንዳ የተቆፈረው ደግሞ በ1954 ነው። ውስጡ ጠባብ፣ የሚታየውም ጥቂት ነው፤ ደረጃ መውጣት የሚያስቸግራቸው ሰዎች ካልሆኑ በቀር ሌሎች ቢዘሉት የሚጎድልባቸው አይመስለኝም።

በታምፓክሲሪንግ፣ ከኡቡድ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ጉኑንግ ካዊ ግን ሌላ ነው። በፓከሪሳን ወንዝ ሸለቆ ግራና ቀኝ፣ ሰባት ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው ጎድጓዳ የአለት ማዕቀፎች ውስጥ፣ ዐሥር የመታሰቢያ መቅደሶች ተቀርጸዋል። ሥራው የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን ከንጉሥ ኡዳያና ልጅ ከአናክ ዉንግሱ ዘመን ጋር ይያያዛል። ላሊበላን ያየ ሰው ወደ ውስጥ የሚገባበት ፍልፍል ጠብቆ እንዳይሄድ ማስታወስ ይገባል፤ እነዚህ ከአለቱ ፊት ላይ የወጡ ቅርጾች ናቸው እንጂ ውስጣቸው አልተፈለፈለም፣ ድንቅነታቸውም በመጠናቸውና ሩዝ ማሳውና ወንዙ በከበቡት አቀማመጣቸው ላይ ነው። ወደ ሸለቆው የሚያወርደው ደረጃ ወደ 300 የሚጠጋ በመሆኑ መውጫው ጉልበት ይፈትናል። ከሦስቱ አንድ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ይይ።

ቲርታ ኤምፑል በ962 እንደተመሠረተ የሚነገርለት፣ ምንጭ የሚፈልቅበት የአምልኮ ሥፍራ ነው። ምእመናን ሽርጥ ለብሰው ወደ ገንዳው ይገባሉ፣ ከአንዱ አሸንዳ ወደ ሌላው እየተራመዱም ራሳቸውን ያነጻሉ፤ ከአሸንዳዎቹ አንዳንዶቹ ለሙታን ሥርዓት ብቻ የተለዩ ስለሆኑ ሌላው ሰው ያልፋቸዋል። እንግዶችም በተከራዩት ሽርጥ እንዲገቡ ይፈቀዳል፤ እኩለ ቀን ላይም ለፎቶግራፍ ብቻ የተሰለፈው ከምእመኑ ይበዛል። መግባት አለመግባቱ የእያንዳንዱ ሰው ምርጫ ቢሆንም፣ ይህ የሌላ እምነት ጸሎት እንጂ የመዝናኛ መታጠቢያ ስላልሆነ፣ የራሱ እምነት የማይፈቅድለት አንባቢ ከዳር ቆሞ ቢመለከት ምንም አይጎድልበትም፣ ማንም ደግሞ አያስገድደውም። ሥርዓቱን በጸጥታ ለማየት በሩ እንደተከፈተ በማለዳ መድረስ ነው። በሦስቱም ሥፍራዎች ሽርጥና መቀነት ግዴታ ነው፤ በወር አበባ ላይ ያሉ ሴቶች እንዳይገቡ የሚጠይቅ ማስታወቂያም በየበሩ ይገኛል።

የጦጣ ጫካ፣ የባቱር ተራራና የጥሪኝ ቡና

በፓዳንግቴጋል መንደር የሚተዳደረው የጦጣ ጫካ ከመሀል ከተማ በእግር ይደረሳል። ከሺህ በላይ ረጅም ጭራ ያላቸው ጦጣዎች ሲኖሩበት፣ ትልልቅ ዛፎቹና ሦስቱ ቤተ መቅደሶቹ ከጦጣዎቹ ይልቅ የሚማርኩ ናቸው። መነጽር፣ ጆሮ ጌጥ፣ የውኃ ጠርሙስና ምግብ ይዞ መግባት ንጥቂያን መጋበዝ ነው። በባሊ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚገኝ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መሄድ አለበት። ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚጓዝ ሰው ይህን ሥፍራ አልመክርም።

የባቱር እሳተ ገሞራ የንጋት ጉዞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ከማረፊያ መነሣትን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላም የሁለት ሰዓት ያህል ዳገት አለ። የተራራው ጫፍ 1,717 ሜትር ስለሆነ ከአዲስ አበባ እንኳ ያነሰ ነው፤ የሚያስቸግረው ከፍታው ሳይሆን የሚንሸራተተው የእሳተ ገሞራ ጠጠርና ጨለማው ነው። በማግሥቱ ሙሉ ቀን መተኛት ስለሚያስከትል፣ ከሦስት ቀን በታች በኡቡድ የሚቆይ ሰው ይለፈው።

በየአስጎብኚው መርሐ ግብር ውስጥ የሚገባው የሉዋክ ቡና ደግሞ ከጥሪኝ ጋር የሚዛመድ እንስሳ ከዋጠው በኋላ ከዓይነ ምድሩ ተለቅሞ የሚታጠብ ቡና ነው። እንስሳቱ በብዛት በጠባብ ጎጆ ታስረው የሚኖሩ በመሆናቸው ይህን ማቆሚያ ከጉዞው እንዲያወጣው ሾፌሩን አስቀድሞ መንገር ይሻላል። የባሊን ቡና መቅመስ ለሚፈልግ ከባቱር አጠገብ ከኪንታማኒ የሚመጣው አረቢካ በከተማው ካፌዎች ሁሉ ይገኛል።

ዕደ ጥበብ፣ ምግብና መጓጓዣ

በኡቡድ የዕደ ጥበብ ገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ዕቃ ሌላ ቦታ የተሠራ ነው፤ ዋጋውም ተከራካሪን ይጠብቃል። ሥራውን በሠሪው እጅ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ደቡብ ባለው መንገድ ላይ ከተደረደሩት መንደሮች አንዱን ይምረጥ፤ ማስ በእንጨት ቀረጻ፣ ቼሉክ በብር ሥራ፣ ባቱዋን በሥዕል፣ ባቱቡላን በድንጋይ ቀረጻ ይታወቃሉ። በትልልቆቹ ሱቆች ሾፌሩ ድርሻ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ አነስተኛ ቤት መጠየቅ ይበጃል። ቼሉክ ውስጥ ተቀምጦ የራስን ቀለበት ማንጠር የሚቻልባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከተገዛ ስጦታ ይልቅ እንዲህ ያለው ግማሽ ቀን ብልጫ አለው።

ምግብን በተመለከተ የአገሩ ታላቅ ድግስ ባቢ ጉሊንግ የተባለው የተጠበሰ አሳማ ነው፤ ለማይበላው ሰው ቤቤክ ቤቱቱ፣ በቅመም ታሽቶ በቀስታ የበሰለ ዳክዬ፣ ይቀርብለታል። ኡቡድ ለጾመኛ ከብዙ የእስያ ከተሞች ትመቻለች። ቴምፔ፣ ቶፉ፣ በኮኮናት የተለወሱ አትክልቶች በየትንሹ ምግብ ቤት ይገኛሉ፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ ነፃ የሆኑ ምግብ ቤቶችም በርካታ ናቸው። በየሳምባሉ፣ ማለትም በሚጥሚጣ ማባያው ውስጥ፣ የተፈጨ ሽሪምፕ ሊኖር ስለሚችል «ቴራሲ አታግቡበት» ብሎ መንገር ያስፈልጋል። የምግብ አሠራር ትምህርት የሚሰጡ ቤቶች ጠዋት ገበያ ወስደው ቅመሙን ያስመርጣሉ፤ የገበያ ጉዞ የሌለበትን የከሰዓት ክፍል መውሰድ ግን ግማሹን ማጣት ነው።

መደበኛ የሕዝብ ማመላለሻ በኡቡድ ውስጥ እምብዛም የለም። በሞተር ብስክሌት መዘዋወር ርካሽ ቢሆንም፣ በሞተር ምድብ የሚያገለግል ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድና ሄልሜት ሳይኖር ማሽከርከር ቅጣትን ያስከትላል፣ በአደጋ ጊዜም ኢንሹራንሱን ሊያስቀር ይችላል። ሁለት ሦስት ሆነው ለሚጓዙ ሰዎች መኪና ከነሾፌሩ ለሙሉ ቀን መከራየት ይሻላል፤ ማረፊያን በመሀል ከተማ አድርጎ ትርኢቱንና ሙዚየሙን በእግር፣ ጃቲሉዊህንና ጉኑንግ ካዊን በሁለት የተለያዩ ቀናት በመኪና ማየት ገንዘብንም ጊዜንም ይቆጥባል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው በፔነስታናን ወይም በኑህ ኩኒንግ ቢያድር ከማዕከሉ ብዙም አይርቅም።

ጊዜና ሰነድ

ደረቁ ወቅት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ሲሆን ሐምሌና ነሐሴ የጎብኚ ብዛት ከፍ የሚልባቸው ናቸው። የባሊዎች የጸጥታ ቀን ኔፒ አብዛኛውን ጊዜ በመጋቢት ወር ይውላል፤ በዚያን ዕለት ለ24 ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያው ይዘጋል፣ መንገድ ላይ መውጣት ይከለከላል፣ ጎብኚውም ከማረፊያው ግቢ አይወጣም። በዋዜማው ምሽት ኦጎ ኦጎ የተባሉ ግዙፍ የአጋንንት ምስሎች በየጎዳናው ስለሚዞሩ፣ አንድ ቀን ቤት መዋልን የማይጠላ ሰው ጉዞውን ሆን ብሎ ከዚያ ጋር ቢያገጣጥም ይጠቀማል፤ ሦስት ቀን ብቻ ያለው ግን ቀኑን አስቀድሞ አረጋግጦ ይራቅ።

ከዱባይና ከዶሃ ወደ ዴንፓሳር ቀጥታ በረራ ስላለ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎች ጉዞው ቀላል ነው። የቪዛው አሠራር ግን የሚወሰነው በሚኖሩበት አገር ሳይሆን በያዙት ፓስፖርት ነው፤ ሲደርሱ በር ላይ ቪዛ የሚያገኙት በኢንዶኔዥያ መንግሥት ዝርዝር ውስጥ ያሉ አገሮች ዜጎች ብቻ ስለሆኑ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ትኬት ከመግዛቱ በፊት ዝርዝሩን ይመልከት። ኢንዶኔዥያ ከእስራኤል ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ስለሌላት የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው በተለመደው መንገድ መግባት አይችልም። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ ጎብኚ 150,000 ሩፒያ ለባሊ አስተዳደር ይከፍላል፤ ክፍያው ከቪዛው የተለየ ሲሆን ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት ከፍሎ ደረሰኙን በስልክ መያዝ ይቻላል።